የኋላው ደረጃ ይቆለፍ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ባለ 9 ፎቅ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ 6ኛ ፎቅ ላይ ነው። ዋና ደረጃና ሊፍት አለው። ከኋላ በኩል ደግሞ ከውጭ የተሠራ የብረት የአደጋ ጊዜ ደረጃ አለ። በቅርቡ ሁለት ቤት ተሰርቆ ኮሚቴው «ሌባው በዚያ ነው የገባው» ብሎ ምድር ላይ ያለውን በር በጓጉንቸር ዘጋው። ቁልፉ ያለው ጥበቃው ጋ ነው። አሁን ደግሞ ደረጃው ስለዛገ ቀለም እንቀባው፣ በየፎቁ ያለውንም በር እንቆልፈው እየተባለ ነው። ሰዉ ከሰልና የማይፈልገውን ዕቃ ያስቀምጥበታል። ሕንፃው ኮንክሪት ነው አይቃጠልም፣ እሳት ማጥፊያም ገዝተናል ይላሉ። አብረውኝ የሚኖሩት እናቴ 74 ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። የገመድ መሰላል ልግዛ ይሆን?»

ምላሽ፦ ጓጉንቸሩ ዛሬውኑ ይነሳ። ቀለሙ ግን ይቆይ። የገመድ መሰላል አይግዙ። ምክንያቱን በየተራ አስረዳለሁ፤ ኮሚቴው ፊት ስትቆሙ ያስፈልጋችኋል።

«ኮንክሪት አይቃጠልም» ከሚለው ልጀምር። በሄድኩበት ሕንፃ ሁሉ ይህን እሰማለሁ። ኮንክሪቱማ አይነድም። የሚነደው ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ ነው። ሶፋው ስፖንጅ፣ ፍራሹ ስፖንጅ፣ ቁም ሳጥኑ የተጨመቀ እንጨት፣ መጋረጃውና ምንጣፉ ፕላስቲክ ያለበት ክር ነው። እነዚህ ሲነዱ ጥቁር፣ መርዘኛ ጭስ ያወጣሉ። በቤት ቃጠሎ ብዙ ሰው የሚሞተው ነበልባል ነክቶት ሳይሆን ጭስ አፍኖት ነው። ጭስ ደግሞ ሽቅብ ይሄዳል። በሕንፃ ውስጥ ሽቅብ የሚሄድበት ቀዳዳ የዋናው ደረጃና የሊፍቱ ጉድጓድ ነው። እናንተ ልትወርዱበት የምትሮጡበት መንገድና ጭሱ የሚወጣበት መንገድ አንድ ነው ማለት ነው። ሁለተኛ ደረጃ የሚሠራው ለዚህ ነው። ትርፍ ሆኖ፣ ወይም ለማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ተብሎ የተለጠፈ ጌጥ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ አንድ ባለ 19 ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ላይ እሳት ተነሳ። መነሻው ታችኛው ፎቅ ላይ የነበረ የኤሌክትሪክ ክፍል ማሞቂያ ነበር። ነበልባሉ ከአንድ ቤትና ከደጁ ካለው ኮሪደር ብዙም አላለፈም። ግን 17 ሰው ሞተ፤ ከእነሱ ውስጥ 8ቱ ልጆች ነበሩ። ቤተሰቡ ሲወጣ በራሱ መዘጋት የነበረበት በር ሳይዘጋ ቀረ። ጭሱ ወደ ደረጃው ገባ። ላይኛው ፎቅ ላይም ሌላ የደረጃ በር ክፍት ነበር። ሰዎቹን የገደላቸው ጭሱ ነው። ሕንፃው ግን ዛሬም ቆሟል።

ወደ ጓጉንቸሩ እንምጣ። የእናንተ ኮሚቴ ያደረገውን ከመቶ ዓመት በፊት ሌሎችም አድርገውታል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን 1911 እዚያው ኒውዮርክ፣ ትራያንግል የሚባል የልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቃጠለ። ፋብሪካው የአንድ ባለ 10 ፎቅ ሕንፃ የላይኞቹን ሦስት ፎቆች ይዞ ነበር። ሕንፃው «እሳት አይበግረውም» የተባለለት ነበር። እውነትም አልፈረሰም፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ይማሩበታል። 9ኛ ፎቅ ላይ ግን አንደኛው የደረጃ በር ተቆልፎ ነበር። ሠራተኞቹ ጨርቅ እንዳይሰርቁ ተብሎ። ሴቶቹ በሩ ጋ ተከማችተው ቀሩ። ከውጭ የነበረው የብረት ደረጃ ደግሞ ሰው ሲበዛበት ከግድግዳው ተገንጥሎ ወደቀ። 146 ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ወጣት ስደተኛ ሴቶች ነበሩ። አንድ የተቆለፈ በር፣ አንድ ያልጠነከረ የብረት ደረጃ። እናንተ ሁለቱንም በአንድ ሕንፃ ይዛችኋል።

«ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነው» የሚለው ሊያጽናናችሁ አይገባም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው እንበል። መብራት ጠፍቷል፤ እሳት ሲነሳ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ጥበቃው ግቢው በር ላይ ነው፣ ወይም እንቅልፍ ወስዶታል፣ ወይም የወትሮው ሰው ቀርቶ ሌላ ተተክቷል። የቁልፍ እስሩን አውጥቶ በስልክ ብርሃን ይፈልጋል። እናንተ ከበሩ ወዲያ በኩል ናችሁ፤ ከኋላችሁ ሰው ይገፋል። ኮሚቴውን ለማሳመን የተሻለ መንገድ አለ። አንድ ምሽት ሰዓት ይዛችሁ ሞክሩት። አንድ ሰው 6ኛ ፎቅ ላይ ቆሞ «እሳት!» ይበል። በሩ እስኪከፈት ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጻፉት። ስፖንጅ ሶፋ አንድ ሳሎን ሙሉ በሙሉ እስኪነድ ብዙ ጊዜ 5 ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጡላቸው።

ሌብነቱን አላቃለልኩም። ሁለት ቤት የተሰረቀበት ሰው ስጋቱ እውነት ነው። ግን ሌባ የሚገባው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፤ እሳት የሚያስሮጠው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። በሩ ይህንን ልዩነት ማወቅ አለበት። ከውጭ በቁልፍ ብቻ የሚከፈት፣ ከውስጥ ግን ቁልፍ ሳያስፈልገው በእጀታ ወይም ሲገፉት በሚከፍት አግድም ዘንግ የሚከፈት በር ይገጠም። ወደ ውጭ እንዲከፈትም ይሁን፤ ወደ ውስጥ የሚሳብ በር ሰው ሲጋፋበት አይከፈትም። ሌባው በፍርግርጉ እጁን አስገብቶ እጀታውን እንዳይስብ ዙሪያውን በላሜራ ወይም በጠባብ ሽቦ ይሸፈን። አጥሩ ወይም ጎረቤት ጣሪያው በሩን ዘሎ ወደ ደረጃው የሚያስገባ ከሆነ ያንን ክፍተት ዝጉት። በሩ ሲከፈት ጥበቃው ጋ የሚጮህ ደወልና አንድ መብራት ጨምሩበት። ይህን ማንኛውም ጎበዝ የብረት በር ሠሪ ይሠራዋል። በየፎቁ ያሉት በሮችም መዘጋት እንጂ መቆለፍ የለባቸውም። ሞላ ይደረግላቸውና በራሳቸው ይዘጉ። ነፋስ ይግባ ተብሎ በብሎኬት ስባሪ ተደግፈው የሚውሉ ከሆነ ግን ሞላው ዋጋ የለውም። ብሮንክስ ላይ የሆነው ይህ ነው።

አሁን ዝገቱ። እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ ብዙ ኮሚቴ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መኖሪያ ሕንፃ እንዳይ ተጠርቼ ሄድኩ። ደረጃው አዲስ ቀለም ተቀብቶ አምሮበታል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ መረገጫው ግድግዳውን ከሚነካበት ጥግ ቀለሙ እንደ ትንሽ እባጭ ከፍ ብሎ አየሁ። በመዶሻ ነካ አደረግኩት። ብረት ሲመቱት ይጮሃል፤ ይህ ግን እንደ ካርቶን «ዷ» አለ። በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ገፋ ሳደርገው ገባ፤ በላሜራው በኩል አልፎ ወጣ። ውስጡ ቡናማ ዱቄት ሆኗል። ያንን መረገጫ የያዘው ብረት አልቆ ቀለሙ ብቻ ነበር የቀረው። በየቀኑ ልጆች ይሯሯጡበት ነበር።

ዝገት ከተነሳበት ብረት ብዙ እጥፍ ቦታ ይይዛል። ሁለት ብረት የተጋጠመበት ስንጥቅ ውስጥ ውሃ ገብቶ ሲዝግ ያብጣል፤ ቡሎኑን ይጎትታል፣ ብየዳውን ይሰነጥቃል። ስለዚህ ዓይናችሁ ሜዳው ላይ ሳይሆን መጋጠሚያው ላይ ይሁን። ውሃ የሚቋጥርበት ጥግ፣ የመረገጫው ጀርባ፣ የእጅ መደገፊያው እግር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደረጃው ሕንፃውን የያዘበት ቦታ። ቡሎኑ የገባው ኮንክሪት ቢም ውስጥ ነው ወይስ ብሎኬት ውስጥ? ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። በልስን ከተሸፈነ ከውጭ አይለይም። በብሎኬት ላይ በፊሸር የታሰረ ደረጃ አንድ ሰው ይሸከም ይሆናል። 40 ሰው በአንዴ ሲወርድበት ግን ሌላ ነገር ነው። ዙሪያው የተሰነጠቀ ልስን፣ ከግድግዳው በጣት የሚገባ ክፍተት፣ በግድግዳው ላይ ወደ ታች የፈሰሰ የዝገት እድፍ ካያችሁ ባለሙያ ሳያየው ማንም አይውጣበት።

ቀለሙ ይቆይ ያልኩት ለዚህ ነው። በዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ዝገቱን አያቆመውም፤ ይደብቀዋል እንጂ። ቀጥሎ የሚመጣ መሐንዲስም ማየት ያለበትን እንዳያይ ያደርገዋል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዕቃው ሁሉ ይነሳና ደረጃው ይጠረግ። ቀጥሎ የስትራክቸር መሐንዲስ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ነካክቶ ይይ፤ በጽሑፍም ሪፖርት ይስጥ። ያለቀው ላሜራ ተቆርጦ ይውጣና በአዲስ ይበየድ፤ ቡሎንና ዳዶ ይቀየር። ከዚያ በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪታይ ይፋቅ፣ አንቲረስት ይቀባ፣ መጨረሻ ላይ ቀለም። ብየዳው ላይ አትቆጥቡ። ከላይ የሚያብረቀርቅ ከውስጥ ያልያዘ ብየዳ ብዙ አይቻለሁ።

የተጠበቀና የተረሳ ደረጃ ልዩነቱን ዓለም ያየው በአንድ ፎቶግራፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ቦስተን ውስጥ አንዲት ወጣትና አንዲት ሕፃን ከእሳት ሸሽተው ከውጭ ያለው የብረት ደረጃ ላይ ቆመው ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ደርሶላቸዋል፤ መሰላሉም እየቀረበ ነበር። በዚያች ቅጽበት ደረጃው ተገነጠለ። ወጣቷ ሞተች፤ ሕፃኗ ተረፈች። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ከተሞች የብረት ደረጃ ፍተሻ ሕጋቸውን አጠበቁ። ዛሬ በብዙ ቦታ በየ5 ዓመቱ በባለሙያ ይፈተሻል። እኔ ለእናንተ ከዚህ ጠበቅ ያለ እመክራለሁ፦ ኮሚቴው በወር አንዴ እስከ ላይ ወጥቶ ይውረድ፣ በሮቹን ሁሉ ይክፈት፤ ክረምት ሲያልፍ በየዓመቱ ዝገቱ ይታይ፤ መሐንዲስ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ይምጣ።

ደረጃው ላይ የተቀመጠው ዕቃ ደግሞ የጽዳት ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። ጉዳዩ የሕይወት ነው። አንድ ማዳበሪያ ከሰል፣ የተሰበረ ወንበር፣ ባዶ ጄሪካን በጨለማ ሰው ይጥላሉ። አንዱ ከወደቀ ከኋላው ያሉት ይደራረባሉ። ከዚህ የከፋው ደግሞ ዕቃው ራሱ መንደዱ ነው። ብረት በ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ጥንካሬው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በደረጃው ሥር የነደደ የከሰልና የጄሪካን ክምር ሳይቀልጥ ሊያጎብጠው ይችላል። የጋዝ ሲሊንደር ከደረጃ ሥር ወይም ቤዝመንት ውስጥ ፈጽሞ አይቀመጥ። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ሲያፈስ ወደ ታች ይወርድና ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፤ አንድ የመብራት ማብሪያ ሲነካ ይፈነዳል። ለከሰሉና ለምጣዱ ኮሚናሉ ጋ ቦታ ስጡት። ሰው የሚያስቀምጥበት ስላጣ ነው ደረጃው ላይ የሚያኖረው። ቦታ ሳትሰጡ ማስታወቂያ ብቻ ብትለጥፉ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል።

ደረጃው ደህና ሆኖ እንኳ ገደብ አለው። የወጥ ቤት መስኮቶች በቀጥታ ወደ ደረጃው የሚከፈቱ ከሆነ፣ ከታች ያለ ቤት ሲቃጠል እሳቱ በመስኮት ወጥቶ ደረጃውን ይመታል። ያኔ ከዚያ በላይ ያሉት በዚያ መውረድ አይችሉም። ስለዚህ ሁለቱም መንገዶች ክፍት ይሁኑ፤ ከመግባታችሁ በፊት ቁልቁል እዩ። ሊፍቱን ግን በምንም ምክንያት አትጠቀሙ። መብራት ሲጠፋ መሐል ላይ ያቆማችኋል። ካልሆነም ጭስ የሞላው ፎቅ ላይ ይከፍትላችኋል።

እሳት ማጥፊያው መገዛቱ ጥሩ ነው። ግን 6 ኪሎ የዱቄት ማጥፊያ ሲረጭ ከግማሽ ደቂቃ በታች ነው የሚቆየው። ለአንድ የቆሻሻ ቅርጫት፣ ለነደደ መጋረጃ ጫፍ ይበቃል። ሶፋ ከያዘ በኋላ አይበቃም። የደረጃ ምትክ አይደለም። መለኪያው መርፌ አረንጓዴው ላይ መሆኑን አሁኑኑ ሄዳችሁ እዩ። ጥበቃ ቤት ውስጥ ተቆልፎ ከሆነም አውጥታችሁ በየፎቁ ስቀሉት።

የገመድ መሰላሉ ለአንደኛ፣ ቢበዛ ለሁለተኛ ፎቅ ጤነኛ ጎልማሳ ነው። ከ6ኛ ፎቅ ሲወርዱበት ይወዛወዛል፣ ግድግዳ ላይ ያጋጫል። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰው ደግሞ የማይታሰብ ነው። ያንን ገንዘብ በባትሪ የሚሠራ የጭስ ማንቂያ ግዙበት። ወጥ ቤት ውስጥ አትስቀሉት። እንጀራ ሲጋገር፣ ቡና ሲቆላ፣ ዕጣን ሲጨስ ይጮሃል። ሰው ተናዶ ባትሪውን ያወጣና ይረሳዋል። መኝታ ቤቶቹ ፊት ያለው ኮሪደር ጣሪያ ላይ ይሁን። ተኝታችሁ ጭስ አይቀሰቅሳችሁም፤ የሚቀሰቅሳችሁ ያ ድምፅ ነው።

የእናትዎ ነገር ለብቻው መታሰብ አለበት። እሳቱ እናንተ ቤት ከሆነ መውጣት ነው፤ በሩን ከኋላችሁ ዝጉ፣ አትቆልፉ። ከፊት የሚይዝና ከኋላ የሚይዝ ሁለት ሰው ካለ፣ ክንድ በሌለው ጠንካራ ወንበር ላይ አስቀምጦ ማውረድ ይቻላል። ሰው ከጠፋ በመቀመጫ ተቀምጠው አንድ አንድ መረገጫ እየተንፏቀቁ ይውረዱ። እስከ ምድር ባይደርሱ እንኳ ከሚነደው ፎቅ ሁለት ሦስት ፎቅ ዝቅ ማለት ብዙ ጊዜ ከጭሱ ያወጣል። የብረት ደረጃ ቁልቁል የሚያሳይ ከሆነ ከፍታ ያልለመዱ ሰዎች መሐል ላይ ይደርቃሉ። ስለዚህ በቀን፣ በዝግታ፣ አንዴ ይለማመዱት። ከጎን ካለው ቤት ሁለት ጎበዞችም «እርሳቸውን የምናወርዳቸው እኛ ነን» ብለው ከአሁኑ ይወቁት።

እሳቱ ሌላ ቤት ሆኖ ሁለቱም ደረጃ በጭስ ከተሞላ ግን ጭሱን ሰንጥቃችሁ አትውረዱ። ወደ ቤት ተመለሱ፣ በሩን ዝጉ፣ የበሩን ሥር በእርጥብ ፎጣ ድፈኑ። መንገዱን የሚያይ መስኮት ያለው ክፍል ግቡ። ወደ እሳት አደጋ፣ 939 ደውላችሁ የሳይቱን ስም፣ የብሎክ ቁጥር፣ ፎቅና የቤት ቁጥር ተናገሩ። የብሎክ ቁጥራቸውን በድንጋጤ የማያስታውሱ ብዙ ናቸው። ጽፋችሁ በሩ ጀርባ ለጥፉት። ይህ ምክር ግን ራሱ ልክ አለው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ለንደን ላይ ግሬንፌል ታወር ሲቃጠል ነዋሪዎች ለሁለት ሰዓት ያህል «ባላችሁበት ቆዩ» ተብለው ነበር። ሕንፃው 24 ፎቅና አንድ ደረጃ ብቻ ነበረው። እሳቱ በውጭው ሽፋን ሽቅብ ወጣ። 72 ሰው ሞተ፤ ከእኛና ከኤርትራ የሄዱ ቤተሰቦችም ነበሩበት። እሳቱ በሕንፃው ውጭ ሲወጣ ካያችሁ፣ ወይም ጭስ ቤታችሁ መግባት ከጀመረ፣ መንገድ ሳለ ውጡ።

ኮሚቴው «ወስነናል» ቢላችሁ፣ በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ከቤቶቹ ውጪ ያለው የጋራ ነው። ደረጃው የእርስዎም ነው። ጉዳዩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እንዲታይ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የተቀበለው ሰው ቅጂው ላይ ይፈርም። የከተማው እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንም መጥቶ እንዲያየው ደብዳቤ አስገቡ። ገንዘብ ካነሰ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በሩ፣ ዕቃውን ማንሳት፣ መሐንዲሱ፣ ብየዳው፣ መብራቱ። ቀለም መጨረሻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙ ወጪ የላቸውም።

አዲሱ በር እስኪሠራ በሩን በውስጥ መሸጉሪያ ብቻ ዝጉት። የሌሊት ጥበቃውም ከግቢው በር ወንበሩን አንስቶ የኋላውን ደረጃ ከሚያይበት ቦታ ይቀመጥ። ዛሬ ማታ በዚህ መጀመር ይቻላል።